የማይሞላው ጉድጓድ

የሽንት ቤቴ ጉድጓድ ሞልቶ አያውቅም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ደረቴን እነፋ ነበር። የሰፈሩ ሰው ጉድጓዱ እየሞላበት መጣጭ መኪና ለማስመጣት ሲሯሯጥ፣ ጎረቤት ከጎረቤት አፍንጫውን ይዞ ሲነታረክ፣ እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ እስቅ ነበር። «የባልሽ እጅ ወርቅ ነበር» ይሉኛል። «ነበር እንጂ!» እላለሁ። ባሌ ግንበኛ ነበር። ዳገቱ ላይ ያለችውን ሁለት ክፍል ቤቴን ከነሽንት ቤቷ በገዛ እጁ ሠርቶ ጨርሶ፣ ብዙም ሳይኖርባት ነው የሞተብኝ። ከዚያች ቤት ሌላ በዚህ ምድር ላይ የኔ የምለው ነገር የለኝም።

ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ትንንሽ ቤቶችም የግንባታ ፈቃድ ያውጡ፣ ያላወጣ ይፈርስበታል የሚል ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ አልሰማሁም አልኩ። ጆሮዬ ደህና ነው፤ መስማት ስላልፈለግሁ ነው። ቤቴ ቆማ፣ ጣሪያዋ ሳያፈስ፣ ግድግዳዋ ሳይነቃነቅ፣ ኑሪባት አትኑሪባት ብሎ የሚፈቅድልኝ ማነው? የጨቀጨቀችኝ ልጄ ናት። ያገባችው ከኔ ቤት ቁልቁል፣ ዳገቱ እግር ስር ነው። አንድ ቀን ልጇን አዝላ ሽቅብ መጣችና፣ «እማዬ፣ ሊያፈርሱ ሲመጡ በሩ ላይ ተጋድመሽ ልታስቆሚያቸው ነው?» አለችኝ።

«ምን አለበት? ጀርባዬ ሰፊ ነው።»

«እባክሽ ሂጂ። ለኔ ብለሽ።»

ለሷ ብዬ ሄድኩ።

ቢሮው ውስጥ ሰው እንደ ጆንያ ተደራርቧል። ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ከጠዋት ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ የቆምነው የተቀመጡትን በክፉ ዓይን እናያለን። ተራዬ ሲደርስ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ጥያቄ በጥያቄ አደረገኝ። ክፍሉ ስንት ነው? ግድግዳው ምንድነው? የውሃ ጉድጓዱ ከሽንት ቤቱ በላይ ነው በታች? ሁሉንም መለስኩለት።

«ሽንት ቤቱ በስንት ጊዜ ነው የሚመጠጠው?»

«ተመጦ አያውቅም።»

«ገና አዲስ ነው?»

«ኧረ ምን አዲስ! ልጄ ሳታገባ ነው የተቆፈረው። ሞልቶ አያውቅም እኮ ነው የምልህ። የፈለግኸውን ብትደፋበት ይውጠዋል።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። አድናቆት መሰለኝ። እንዲያውም ሰምተው እንደሆነ ብዬ ከኋላዬ ወደተሰለፉት ዞር አልኩ።

«ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳያየው ፈቃድ አንሰጥም» አለኝ።

«ይምጣ! ይምጣና ይየው። ለሌላውም ትምህርት ይሆናል።»

ስመለስ በልጄ ቤት በኩል አለፍኩ። ልጄ የምትኖረው ከባሏ እናት ጋር ነው፤ ባሏ ሾፌር ስለሆነ ከቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። የባሏን እናት ሳሙና ነው የምላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አሁን ሰፈሩ ሁሉ በሱ ይጠራታል። ኩባያ ከመስጠቷ በፊት ታጥበዋለች፣ ጠጥተሽ ስትመልሺላት ታጥበዋለች፣ ማንም ሳይነካው መደርደሪያ ላይ ከዋለም አቧራ ጠጥቷል ብላ ታጥበዋለች። የልጅ ልጄን እጅ ከማጠብ ብዛት ቆዳዋን ልታሳሳው ምንም አልቀራት።

እንዲህም ሆኖ የልጅቷ ሆድ አልጸና አለ። ተቅማጥ ይይዛታል፣ ይለቃታል፣ ደግሞ ይይዛታል። ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ሽሮፕ ይሰጧታል፣ ትድናለች፣ ሳይቆይ ያው ነው። እግሯ ክር አክሏል። እኩዮቿ ሲሮጡ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ታያቸዋለች።

«ልጅ ትንሽ አፈር መላስ አለበት» አልኳት ያን ቀን ሳሙናን። «አንቺ በእጥበት ብዛት ሆዷን አሞላቀቅሽው። እኔ ጋ ስትሰነብት መቼ ያማታል?»

ሳሙና ከሳፋው ቀና አላለችም። «የምትጠጣውን ውሃ እንኳ አፍልቼ ነው የምሰጣት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«እኮ! አፍልተሽ አፍልተሽ ውሃውን ገደልሽው።»

«እማዬ!» ብላ ልጄ ከውስጥ ጮኸችብኝ። ወጥቼ ሄድኩ። ስሄድም እስቅ ነበር።

ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲሉኝ ቦርጫም ሰውዬ ጠብቄ ነበር። የመጣችው ወጣት ሴት ናት። መንገዴ ከሰው ትከሻ ስለማይሰፋ ሞተር ብስክሌቷን ከታች አቁማ በእግሯ ወጣች። የጎማ ቦት አድርጋለች፣ ቦርሳ አዝላለች፣ ላብ በላብ ሆናለች። ሜትሯን ስትዘረጋ ጫፉን ያዝኩላት። መጀመሪያ ከሽንት ቤቱ ሽቅብ እስከኔ የውሃ ጉድጓድ ለካች። ከዚያ ቁልቁል እስከ ልጄ የውሃ ጉድጓድ ድረስ እየዘረጋች፣ እያነሳች፣ ደግሞ እየዘረጋች ወረደች። ተመልሳ ስትመጣ፣

«ርቀቱ ደንቡ ከሚጠይቀው ይበልጣል» አለች።

«አላልኩሽም?» አልኩ። ምንም እንዳላልኳት ትዝ ያለኝ ኋላ ነው።

«እናቴ፣ ክዳኑን ይክፈቱልኝ።»

ከፈትኩላት። ባትሪ አብርታ አጎንብሳ አየች። ስታይ ቆየች።

«ታቹ በሲሚንቶ የተሠራ ነው?»

«ምን ሲሚንቶ ያስፈልገዋል፤ አለት ነው! ባሌ ሲቆፍር አለት ገጠመውና ሊተወው ነበር። በመጨረሻ ተናዶ ድጅኖውን ሲያሳርፍበት አለቱ ተሰነጠቀ። ድጅኖው ከእጁ አምልጦ ስንጥቁ ውስጥ ገባ። ገባ ነው የምልሽ፣ በዚያው ቀረ! ሲያርፍ እንኳ ድምፁን አልሰማንም። ባሌ ከጉድጓዱ ወጥቶ በሳቅ ፈረሰ። ‹በይ ይሄ እስከ ልጅ ልጅ አይሞላም› አለኝ።»

ይህን ታሪክ ያልነገርኩት ሰው የለም፤ የሰማው ሁሉ ይስቃል። ተቆጣጣሪዋ ግን አልሳቀችም።

«ድጅኖው የት የደረሰ ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቄ። መሬት ዋጠው።»

«መሬት ውጦ አያስቀርም፣ እናቴ። ወደሌላ ያሳልፋል» አለችና ከቦርሳዋ ዱቄት ያለበት ጠርሙስ አወጣች። «ይሄ ቀለም ነው። ሰው አይጎዳም። እዚህ ውስጥ ጨምረን ብዙ ውሃ እንደፋበታለን። ቀለሙ የትም ካልወጣ ፈቃድዎን ይወስዳሉ።»

«ከወጣስ?»

«ጉድጓዱ ይታሸጋል። ሽንት ቤት የሌለው ቤት ደግሞ ፈቃድ አያገኝም።»

ፈቃድ የሌለው ቤት ምን እንደሚሆን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግን አልፈራሁም። እንደውም ጠርሙሱን በስስት ነካ ነካ ስታደርገው ተናደድኩ። «ምን ታንጠባጥቢያለሽ? ገልብጪው እንጂ! ኋላ ትንሽ ስለጨመርኩ ነው እንዳትዪኝ።» ውሃውን የቀዳሁት ራሴ ነኝ። ባልዲ በባልዲ ላይ፣ ጀሪካን በጀሪካን ላይ። ጉድጓዱ ጉሮሮ እንዳለው ፍጡር ጉርጉር እያለ ዋጠው። «አየሽው? አየሽው?» እላታለሁ ወገቤን ይዤ። እሷ አቀርቅራ ድምፁን ታዳምጣለች።

ስትወርድ ልጄ ቤት ገብታ፣ ውሃችሁን ጠብቁ፣ ለጊዜው ከሌላ ቦታ ቅዱ ብላ አስጠንቅቃለች። ሳሙና «የኛ ውሃ እኮ ንጹሕ ነው! አጥርተን የምንቀዳው!» ብላ ተቆጥታታለች አሉኝ። እኔና ሳሙና ከተዋወቅን ጀምሮ በአንድ ነገር የተስማማነው ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደጄን ስጠርግ ከታች ጩኸት ሰማሁ። የልጄ ድምፅ ነው። «እማዬ! እማዬ ድረሽ!»

ልጅቷ ሞተች ብዬ ነው ያሰብኩት። መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቁልቁል ተንደረደርኩ። አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ። ግቢያቸው ስገባ የልጅ ልጄ በር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አለች። ደህና ነች። «ፈጣሪ ይመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ሌሎቹን አየኋቸው። ልጄ የባልዲውን ገመድ ይዛ ቆማለች። ሳሙና ሳፋው ፊት እንደተንበረከከች ቀርታለች፤ እጇ ውሃው ውስጥ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ልብስ ማጠብ ጀምራ ኖሯል። ነጩ አንሶላ አረንጓዴ ሆኗል።

የቅጠል አረንጓዴ አይደለም። እንዲህ ያለ አረንጓዴ በሕይወቴ አላየሁም። ፀሐይ ሲያርፍበት ያበራል፤ ከውስጥ መብራት ያለበት ይመስላል።

 አጎንብሼ እጄን ነከርኩ። እጄ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«ሌላ ቅጂ» አልኳት ልጄን።

ቀዳች። አረንጓዴ ነው።

«ሌላ።»

«ስንት ልቅዳ?» አለች። «እማዬ፣ ስንት ልቅዳልሽ?»

«ሰው ጨምሮበት ነው» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አልነበርኩበትም። «ምቀኛ ነው። በሌሊት መጥቶ...»

ሳሙና ቀና ብላ አየችኝ። እስከ ክንዷ አረንጓዴ ናት። ይሄኔ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እንድትሰድበኝ ፈለግሁ። እሷ ግን ፊቷን ከኔ አንስታ ለማንም ሳይሆን ማውራት ጀመረች።

«የምትጠጣውን አፍልቼ ነው የምሰጣት። አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ከድኜ። ኩባያዋን ግን በዚሁ ነው የማለቀልቀው። ማንኪያዋን በዚሁ። ቲማቲሙን በዚሁ። ጥርሷን የምትቦርሸው በዚሁ። እጇን፣ ከመብላቷ በፊት፣ ከበላች በኋላ፣ ከእንቅልፍ ስትነሳ...»

ማቆም አቃታት። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይልም። ልጄ «እትዬ፣ በቃ፣ በቃ» ትላታለች፤ አትሰማም።

እኔም በቃ ማለት ፈልጌ ነበር።  የገባኝ ያኔ ነው። ይህቺ ሴት ልጅቷን ባጠበቻት ቁጥር በኔ ነበር የምታጥባት። ሆዷን ያሞላቀቀው እጥበት አይደለም። እኔ ነኝ። በየቀኑ፣ ከላይ፣ ክዳን ገጥሜ፣ ጉድጓዴ አይሞላም እያልኩ። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ባሌ ከጉድጓዱ ወጥቶ በሳቅ ሲፈርስ ታየኝ። እኔም አብሬው ስስቅ ታየኝ። ድጅኖው የት እንዳረፈ ያን ቀን ያልሰማነውን አሁን የሰማሁት መሰለኝ።

በዚህ መሀል የልጅ ልጄ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጥታ ሳፋው ላይ አጎነበሰች። ዓይኗ ፈካ። «አያቴ፣ ያምራል!» ብላ እጇን ልትሰድ ስትል፣ ሦስታችንም ባንድ አፍ «አትንኪው!» ብለን ጮኽንባት። ደንግጣ አለቀሰች። ማንኛችንም ልናቅፋት አልቻልንም፤ የሁላችንም እጅ አረንጓዴ ነበር። እዚያው ቆማ ስታለቅስ ሦስት ሴቶች እጃችንን ከሰውነታችን አርቀን ይዘን እናያታለን።

ተቆጣጣሪዋ ስትደርስ ሁኔታችንን አይታ ሄልሜቷን እንኳ ሳታወልቅ ቆመች። አላልኳችሁም አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን አስቀምጣ ከያዘችው ፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አፍስሳ መጀመሪያ የሕፃኗን፣ ከዚያ የሳሙናን፣ ከዚያ የልጄን እጅ አስታጠበች። እኔ ጋ ስትደርስ እጄን ወደኋላ ደበቅሁ።

«የኔን ተዪው።»

«እናቴ፣ ይስጡኝ።»

«ተዪው አልኩሽ እኮ!»

ተወችኝ። ከዚያ በዝግታ አስረዳችን። አለቱ ስንጥቅጥቅ ነው፤ ዳገቱ ላይ ሌላ ቦታ ብቆፍርም ያው ነው። ያለው አማራጭ ታቹም ጎኑም በሲሚንቶ የተደፈነ፣ ጠብታ የማያሳልፍ ታንክ ማሠራት ነው። እንደሱ ያለው ይሞላል፤ ሲሞላ ይመጠጣል። «ጤነኛ ጉድጓድ የሚሞላ ነው» አለች። «የእነዚህን የራሳቸውን ሽንት ቤት አየሁት፣ ደህና ነው። በየጊዜው አስመጥጠዋል።»

አዎ፣ በየጊዜው አስመጥጠዋል። መኪናው በመጣ ቁጥር ከላይ ሆኜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

«መጣጭ መኪናው ዳገቱን ይወጣል?» አለች ልጄ።

ተቆጣጣሪዋ መንገዴን ቀና ብላ አየችው። «በዚያ በኩል አህያም አያልፍም። በዚህ ግቢ በኩል የድንጋይ አጥሩ ቢከፈት ግን መኪናው ጥግ ድረስ ይገባል፤ ቱቦው ይደርሳል። ታንኩ ቢሠራም መኪና የሚደርስበት መንገድ ከሌለ ፈቃድ የለም። ስለዚህ የግቢው ባለቤት መስማማት አለባቸው። በፊርማ።»

የግቢው ባለቤት ሳሙና ናት። ሁላችንም አየናት። እሷ ማንንም ሳታይ ተነሳች፣ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋችው። አልፈረድኩባትም። እኔ ብሆን መዝጊያውን በሰው ፊት ላይ ነበር የማላትመው።

ተቆጣጣሪዋ ሽቅብ ወጥታ ሽንት ቤቴን አሽጋ ተመለሰች። በሩ ላይ ቢጫ ፕላስቲክ ጠምጥማ፣ በምስማር መትታበታለች። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም ነበር። ድንጋጤ ሆድ ይንጣል መሰለኝ፣ ሆዴ መገለባበጥ ጀመረ። እንደ ምንም ልቻለው ብል እምቢ አለኝ። መሄጃ የለኝም። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ያልቀረኝ ሴትዮ፣ በሰው ደጅ ቆሜ ሽንት ቤት አስፈቅጄ የማላውቅ፣ ሄጄ የሳሙናን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ፈለግሽ?»

«ሽንት ቤት።»

 ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ዓይኗ ደም መስሏል። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ። «ውሃ እንዳታበዢበት፣ ይሞላል» አለችኝ። አመሏ ነው፣ ለሰው ሁሉ የምትለው ነው። የተናገረችው ለኔ መሆኑን ያወቀችው ካለች በኋላ ይመስለኛል፤ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ስወጣ የድንጋይ አጥሩ ጋ ቆማ አገኘኋት። በእግሯ አንዱን ድንጋይ ትገፋዋለች።

«ይሄን ማን ሊያፈርሰው ነው?» አለች።

«እኔ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ድንጋዩንስ? ግቢዬ ውስጥ ልትከምሪው?»

«ሽቅብ እወስደዋለሁ። ያንን ጉድጓድ እሞላበታለሁ።»

 «አዝኜልሽ እንዳይመስልሽ» አለች። «ለአንቺ የማዝንበት አንጀት የለኝም ዛሬ። ግን ካንቺ የውሃ ጉድጓድ ሌላ እዚህ አካባቢ ልጅቷ የምትጠጣው ውሃ የለም። ያንቺ ከሽንት ቤቱ በላይ ነው፤ አልቆሸሸም። ቤትሽ ከፈረሰና አንቺ ከሄድሽ ማን ይቀዳላታል? ጠዋት ጠዋት ውሃውን ተሸክመሽ ታወርጃለሽ። ራስሽ።»

«አወርዳለሁ።»

«ሆዷን አሞላቀቅሽው ማለትም በቃ።»

«እሺ» አልኩ።

ልጄ ከኋላችን ቆማ ትሰማ ኖሯል። እሺ ስል ሰምታ በእጇ አፏን ያዘች። ከኔ አፍ ያን ቃል በሕይወቷ የሰማች አይመስለኝም።

ተቆጣጣሪዋ ሞተር ብስክሌቷን ተደግፋ ወረቀት ትሞላለች፤ ሳሙና ወደሷ ሄዳ ፈረመች። ተቆጣጣሪዋም ታንኩ ተሠርቶ ካየችው ፈቃዱ እንደሚሰጠኝ፣ እስከዚያ ቤቴን ማንም እንደማይነካት ነገረችኝ፤ ጉድጓዱን በድንጋይ ለመሙላት ብቻ እሽጉን እንድፈታም ፈቀደችልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቤቴ ተረፈችልኝ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ እንጂ ምንም አልተሰማኝም። ወዲያው ድንጋይ ማንሳት ጀመርኩ። ድንጋይ ይዤ ሽቅብ፣ ባዶ እጄን ቁልቁል፣ ደግሞ ሽቅብ። ወደ ጉድጓዱ ስወረውር መጀመሪያ የጣልኳቸው ድምፅ አልሰጡም። ኋላ እየሰጡ መጡ። ሳሙና ከአጥሩ ወዲያ ሆና ድንጋዮቹን እየነቀለች ታቀብለኛለች፤ «ትልልቁን አታስቀድሚ፣ ወገብሽ ይሰበራል» ትለኛለች፤ «ወገቤን ለኔ ተዪልኝ» እላታለሁ።

ፀሐይ ሊገባ ሲል ቤቴ ገባሁ። በልቼ ሳህኔን አጠብኩ። ሳፋውን አንስቼ እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ ወጣሁ። ያንን እጣቢ ከዚያ በር ላይ ቆሜ ወደ ዳገቱ ስወረውረው ስንት ዘመን ሆነኝ፤ ሳላየው እወረውረዋለሁ፣ መሬት ይጠጣዋል፣ አልቋል። እጄን ከፍ አደረግሁ። እጄ እዚያው ቀረ። ቁልቁል የልጄ ጣሪያ ይታያል፤ ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል። ወደ ግራ ዞርኩ። በዚያ በኩል ደግሞ ማን ይኖራል? ወደ ቀኝ ዞርኩ። እግሬ ስር ያለውን መሬት አየሁት፤ የማውቀው መሬት አልመሰለኝም።

ሳፋውን ቀስ ብዬ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ።